አራት ወረቀት፣ አንድ ሰዓት፣ የራስ ሐሳብ

ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በራዲዮ የቀረበ ንግግር

   በራዲዮ የሰማችሁት ንግግር ይኸው በእጃችሁ ነው። በጆሮ የሰማችሁትን አሁን በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ሲኖር ተመለሱና ደግማችሁ አንብቡ። ራዲዮን ተመለስ ቢሉት አይመለስም፤ ወረቀት ግን እምቢ አይልም።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ክርክር ጽሑፍ ነው። አንድ ጥያቄ ይሰጣችኋል። ከጥያቄው ጋር ጥቂት ወረቀቶች ይሰጧችኋል። ጊዜው የተወሰነ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወረቀቶቹን አንብባችሁ፣ የራሳችሁን ሐሳብ በማስረጃ ደግፋችሁ ትጽፋላችሁ። ነገሩ ሲሰሙት ከባድ ይመስላል። ደረጃ በደረጃ ከሄዱበት ግን የሚቻል ነው።

ለምን ይጠቅመናል?

"ፊደል ቆጠርን፣ ስማችንን ጻፍን፣ አይበቃንም ወይ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ስምን መጻፍ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ብዙ ሰው የሚፈርመው በጣቱ አሻራ ነበር። ዘመቻው በመጨረሻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተካሂዷል። ሶማሊኛ አንዱ ነበር። ያን ጊዜ የተማሩ አባቶችና እናቶች ስማቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉ።

ነገር ግን ስም መጻፍ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚፈርሙበትን ወረቀት ማንበብ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ የሁለት ወገን ወረቀት አንብቦ፣ አመዛዝኖ፣ "የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ምክንያቴም ይህ ነው" ብሎ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ያልደረሰ ሰው ማመልከቻ ሲያስፈልገው ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ ይሄዳል። ጸሐፊው ገንዘብ ይቀበላል። ገንዘቡስ ይሁን። ግን የጸሐፊው ሐሳብ የባለጉዳዩን ሐሳብ ይተካዋል። ባለጉዳዩ ምን እንደተጻፈለት ሳያውቅ ይፈርማል።

በትምህርት መግፋት ለምትፈልጉም ያስፈልጋችኋል። ፈተና በሰዓት ነው። ይህ ዓይነቱ ፈተና በሌላ አገርም አለ። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚወስዱት አንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ስድስት ልዩ ልዩ ምንጮች ይሰጧቸዋል። ለማንበብ 15 ደቂቃ፣ ለመጻፍ 40 ደቂቃ ያህል ይመደባል። ከስድስቱ ምንጮች ቢያንስ ሦስቱን በጽሑፋቸው ውስጥ መጠቀም አለባቸው።

ለእኛም ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በሶማሌ ባህል ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሔር ይዳኛሉ። በአማራውም አገር በላ ልበልሃ የሚባል የክርክር ሥርዓት ነበር። ባለጉዳይ ይናገራል፤ ምስክር ይጠራል፤ የሌላው ወገን ቃል ይሰማል። በክርክር ጽሑፍ ውስጥ ተናጋሪው እናንተ ናችሁ። የተሰጧችሁ ወረቀቶች ምስክሮቻችሁ ናቸው። ምስክር ለባለጉዳዩ ያግዘዋል እንጂ በእርሱ ቦታ ቆሞ አይከራከርለትም። ይህን ያዙ፤ የዛሬው ትምህርት ዋና ቁም ነገር እርሱ ነው።

ጥያቄው

አሁን ወደ ልምምድ እንግባ። ጥያቄያችን በደጃችን ስላለ ዛፍ ነው። ስሙ ፕሮሶፒስ ይባላል። ከሶማሌዎች መካከል ጋራንዋ የሚሉት አሉ፤ "ያልታወቀ" እንደማለት ነው። አፋሮች ደርጊ ሐራ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። እሾሁን የማያውቅ እረኛ የለም።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ "ፕሮሶፒስ ተነቅሎ ይጥፋ? ወይስ ሳይነቀል እየተቆረጠ ጥቅም ላይ ይዋል? አቋማችሁን ከተሰጡት ወረቀቶች ቢያንስ በሦስቱ አስደግፋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጻፉ።"

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የወጣ አይደለም። ብዙ ሰው የሚከራከርበት ነው። መንግሥትም በ2009 ዓ.ም. ስለዚሁ ዛፍ ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል። የግጦሽ መሬቱ የእናንተ ነው። ስለ እርሱ ሲወሰን የእናንተም ቃል በወረቀት መግባት አለበት።

አራቱ ወረቀቶች እነሆ። ለመልመጃ እንዲሆኑ አሳጥሬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

ወረቀት ሀ። ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ዛፍ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው። የገባው አፈር እንዳይሸረሸር፣ ጥላና ማገዶ እንዲሰጥ ተብሎ ነው። ሥሩ በጣም ጥልቅ ስለሆነ ድርቅ ይችላል። ሌላው ዛፍ ሲደርቅ እርሱ ለምለም ነው።

ወረቀት ለ። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ይህ ዛፍ በአፋር ክልል በ35 ዓመት ውስጥ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ወርሯል። እንስሳት ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ። ዘሩ በሆዳቸው ሳይፈጭ ያልፍና በበጠጥና በእበት ውስጥ ሆኖ ሩቅ ቦታ ይበቅላል።

ወረቀት ሐ። (የአንድ ከሰል አክሳይ ቃል ሆኖ ለመልመጃ የተጻፈ።) "ከብቶቼ በድርቅ አለቁ። አሁን የምኖረው በዚህ ዛፍ ነው። ከሰሉ ጥሩ ነው። ቆርጬ አከስላለሁ። ዝናብ ሲመጣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እኔም መልሼ እቆርጣለሁ። ዛፉን ካጠፋችሁት ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?"

ወረቀት መ። በኬንያ በባሪንጎ አካባቢ የሚኖሩ የኢልቻሙስ ሰዎች በዚህ ዛፍ ምክንያት መንግሥታቸውን ከሰሱ። በፈረንጆች 2006 ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ። "ይህን ያደረገው የዛፉ ፍሬ ነው፤ ማስረጃችን ይቺው ናት" አሉ።

ሰዓቱን እንዴት እንከፋፍለው?

አዲጋላ የባቡር ከተማ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የድሮው ሐዲድ በአዲጋላ በኩል አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም አዲጋላ ላይ ጣቢያ አለው። ስለዚህ ሰዓታችንን በባቡር ጉዞ እንመስለው። ባቡር አንድ ጣቢያ ላይ ከተገባው በላይ ቢቆም ወደሚቀጥለው ዘግይቶ ይደርሳል። የፈተና ሰዓትም እንደዚሁ ነው።

ፈተናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጀመረ እንበል። 4 ሰዓት ላይ ያበቃል።

3፡00፣ ድሬዳዋ። ጥያቄውን ብቻ አንብቡ። ሁለት ጊዜ አንብቡት። ምን ጠየቀኝ? ስንት ወረቀት ተጠቀም አለኝ? ዋናውን ቃል አስምሩበት። በእኛ ጥያቄ ዋናዎቹ ቃላት "ይጥፋ" እና "ጥቅም ላይ ይዋል" ናቸው። ስለ ዛፍ ታሪክ ጻፉ አላለም። ለዚህ 5 ደቂቃ ይበቃል።

3፡05፣ ሽንሌ። ወረቀቶቹን አንብቡ። 15 ደቂቃ አላችሁ። እያንዳንዱን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ በጠርዙ ላይ አንዲት አጭር ቃል ጻፉ። "ይነቀል" የሚለውን የሚደግፍ ከሆነ "ነ" በሉ። "ጥቅም ላይ ይዋል" የሚለውን የሚደግፍ ከሆነ "ጥ" በሉ። ለሁለቱም የሚሆን ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ።

3፡20፣ አዲጋላ። እዚህ ባቡሩ ቆም ይላል። አትጻፉ፤ አስቡ። አቋማችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ። ከሥሩ ሁለት ምክንያት ጻፉ። ከምክንያቱ አጠገብ የምስክሩን ወረቀት ፊደል አስቀምጡ። ከዚያ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ ጻፉ። ይህ ዕቅድ ነው። 5 ደቂቃ ይወስዳል። አፍ የፈታችሁት በሶማሊኛ ከሆነ ዕቅዱን በሶማሊኛ ብታሰፍሩት ነውር የለበትም። ዕቅድ የራስ ነው። አሳባችሁ በሚቀላችሁ ቋንቋ ይውጣ፤ ከዚያ በተጠየቃችሁበት ቋንቋ ጻፉት።

ብዙ ሰው አዲጋላ ላይ ሳይቆም ያልፋል። "ጊዜ አለቀብኝ" ብሎ ዝም ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ግማሽ ገጽ ከጻፈ በኋላ ሐሳቡ ይዞርበታል። ሲሰርዝ፣ ሲደልዝ ከ5 ደቂቃ ይበልጥ ያጠፋል።

3፡25፣ አይሻ። አሁን ጻፉ። 30 ደቂቃ አላችሁ።

3፡55፣ ደወሌ። ድንበር ላይ ፍተሻ አይቀርም። በቀሩት 5 ደቂቃዎች ጽሑፋችሁን ፈትሹ። አራት ነጥብ የጎደለበት አለ? የወረቀቱ ፊደል ተምታቷል? የተሳሳተውን በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙትና ትክክለኛውን ከላዩ ጻፉ።

4፡00፣ ጅቡቲ። ወረቀቱን አስረክቡ።

ምስክርን መመርመር

ወረቀት ታተመ ማለት እውነት ሆነ ማለት አይደለም። ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ የሚናገረው ማን ነው? ወረቀት ሐን የሚናገረው ከሰል አክሳዩ ነው። ኑሮው በዛፉ ላይ ነው። ይህ ማለት ይዋሻል ማለት አይደለም። እንዲያውም ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው። ግን ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚናገር ማወቅ ይገባናል።

ሁለተኛ፣ የሚናገረው የቱን ያህል ነው? ወረቀት ለ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ይላል። የየት? የአፋር ክልል። ስለ አዲጋላ አልተናገረም፤ ስለ ሲቲ ዞንም አልተናገረም። ስለዚህ "በእኛ ወረዳ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ተወሯል" ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። "በጎረቤታችን በአፋር ይህ ከሆነ፣ እኛም መጠንቀቅ አለብን" ማለት ግን ይቻላል። እንዲሁም በወረቀት መ ያለችው ፍየል አንዲት ፍየል ናት። ጉዳት እንዳለ ትመሰክራለች። ፍየል ሁሉ ጥርሱ ይረግፋል አትልም።

ሦስተኛ፣ ያልተናገረው ምንድን ነው? ወረቀት ሀ ዛፉ ለምን እንደገባ ይናገራል። ከገባ በኋላ ምን እንደሆነ አይናገርም። ይህን ያስተዋለ ጸሐፊ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። "በበጎ ሐሳብ መግባቱ ጉዳቱን አያስቀረውም" ብሎ መከራከር ይችላል።

ደግሞ ወረቀት ሐን እንደገና አንብቡት። ከሰል አክሳዩ "ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል" ብሏል። እርሱ ይህን የተናገረው ለራሱ ጥቅም ነው። "ዛፉ ይነቀል" የሚል ተከራካሪ ግን ይህንኑ ቃል ወስዶ ለራሱ ምስክር ያደርገዋል። ከመሬት በላይ መቁረጥ ብቻውን ዛፉን አያጠፋውም ማለት ነውና። ብልህ ተከራካሪ ከተቃራኒው ወገን አፍ ምስክር ያገኛል።

አጻጻፉ

ጽሑፉ አምስት አጫጭር አንቀጽ ቢኖረው ይበቃል። በመጀመሪያው አንቀጽ አቋማችሁን ተናገሩ። አትዙሩ፤ "ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ" እያላችሁ አትጀምሩ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምክንያታችሁን ከምስክሩ ጋር አቅርቡ። በአራተኛው የሌላውን ወገን ቃል አንሡና መልሱለት። በአምስተኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ደምድሙ።

እነዚህን ቃላት በቃላችሁ ያዙ፤ ጽሑፉን የሚያያይዙት እነርሱ ናቸው፦ ምክንያቱም፣ ስለዚህ፣ ለምሳሌ፣ እውነት ነው፣ ይሁን እንጂ፣ በአጭሩ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንይ።

"በእኔ አስተያየት ፕሮሶፒስ ከግጦሽ መሬትና ከውሃ አካባቢ ከሥሩ ተነቅሎ መጥፋት አለበት።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ግጦሽ ነው። ወረቀት ለ እንደሚለው፣ ዛፉ በአፋር ክልል በ35 ዓመት ውስጥ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ወርሯል። አፋር ጎረቤታችን ነው። አገሩም እንደኛ ቆላ ነው። ስለዚህ እዚያ የደረሰው እዚህም ሊደርስ ይችላል። ሣር ከሌለ ከብት የለም፤ ከብት ከሌለ ወተት የለም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የእንስሳት ጤና ነው። በወረቀት መ ላይ እንዳነበብነው የኬንያ አርብቶ አደሮች ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበዋል። አንዲት ፍየል ለፍየል ሁሉ ማስረጃ አትሆንም። ይሁን እንጂ ሰውን ከቀዬው አስነሥቶ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳት ቀላል አይመስለኝም።

እውነት ነው፣ በወረቀት ሐ ያለው ከሰል አክሳይ ልጆቹን የሚያበላው በዚህ ዛፍ ነው። እርሱን ባዶ እጁን ማስቀረት ትክክል አይደለም። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ እንደተናገረው ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ያክስል፤ ግን ግንዱን ብቻ ሳይሆን ሥሩንም ይንቀል። የከሰል ፈቃድም ለሚነቅል ሰው ይሰጥ።

በአጭሩ፣ ዛፉ ከግጦሽና ከውሃ ይራቅ። የሚነቅለው ሰው ደግሞ ከነቀለው ይጠቀም።"

ጽሑፉ ይኸው ነው። ረጅም አይደለም። በ30 ደቂቃ ይጻፋል። ሦስት ወረቀት ተጠቅሟል። የተቃራኒውን ወገን አልሰደበም። ቃሉን አከበረ፤ ከዚያም መለሰለት።

"እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም" የምትሉ ትኖራላችሁ። መልካም ነው። በወረቀት ሀና በወረቀት ሐ ተደግፋችሁ "ጥቅም ላይ ይዋል" ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ፍሬው ከነዘሩ ከተፈጨ ዘሩ መብቀል አይችልም፤ ዱቄቱም ከሌላ መኖ ጋር ተደባልቆ ለከብት ይሰጣል። ይህን የምታውቁ ሰዎች ከወረቀቶቹ ማስረጃ ጋር የራሳችሁን እውቀት ጨምሩበት። ፈታኙ የሚያርመው የያዛችሁትን ወገን አይደለም። ምክንያታችሁንና ምስክራችሁን ነው የሚያርመው።

ከእነዚህ ተጠንቀቁ

ወረቀቱን እንዳለ አትገልብጡ። ፈታኙ ወረቀቱን አስቀድሞ አንብቦታል። በራሳችሁ አነጋገር አሳጥራችሁ ጻፉ፤ ከየትኛው ወረቀት እንደወሰዳችሁም ተናገሩ። ሳይናገሩ መውሰድ የሰውን ዕቃ ሳያስፈቅዱ እንደመውሰድ ነው።

ወረቀቶቹን በተራ አትዘርዝሩ። "ሀ እንዲህ ይላል፣ ለ እንዲህ ይላል፣ ሐ እንዲህ ይላል" ብሎ መጨረስ ክርክር አይባልም። ምስክሮቹ ሁሉ ተናገሩና ባለጉዳዩ ዝም አለ እንደማለት ነው። መጀመሪያ የእናንተ ሐሳብ ይቅደም፤ ምስክሩ ይከተል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛውን ምክንያት ማሳጠር ይቻላል። መደምደሚያውን ግን አታስቀሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢሆንም ጻፉት።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ። አንዳችሁ "ይነቀል" በሉ፤ ሌላችሁ "ጥቅም ላይ ይዋል" በሉ። በእነዚሁ አራት ወረቀቶች ተጠቀሙ። ሰዓት ያለው ሰው ሰዓት ይያዝ። ሰዓት ከሌለ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ስትጨርሱ ተለዋወጡና አንብቡ። በጓደኛችሁ ጽሑፍ ላይ አቋሙን፣ ሁለቱን ምክንያቶችና ሦስቱን ምስክሮች አስምሩባቸው። የጎደለ ካለ በጠርዙ ጻፉለት። በሚቀጥለው ቀን ወገን ተለዋወጡና እንደገና ጻፉ። የተቃራኒውን ወገን ጽሑፍ የጻፈ ሰው የራሱን ይበልጥ ያውቃል።

መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት አይበቃችሁም። ሁለት ሰዓት ቢወስድባችሁ አትዘኑ። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ልምምድ እጃችሁ ይፈታል። ፊደል ስትቆጥሩም እንዲሁ ነበር።

አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላሉ። በሚቀጥለው ንግግር ለቀበሌ የሚቀርብ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ እንማራለን። ደብተርና ስክሪፕቶ ይዛችሁ ጠብቁን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።